አንድ ምልክት ብቻ

ሃርስዴል፣ ማርች 15 ቀን 1987

ውድ ወንድሜ ሌስ፣

እንዴት ነህ? የሼትላንድ ደሴት ንፋስ ጆሮህን ነቅሎ አልወሰደውም? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ የእኛን ዓይነት ደህና ማለቴ እንደሆነ መቼም አይጠፋህም። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው እንጂ ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥና ስነሳ ነው የሰነበትኩት።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ማን እንደነገረህም ገብቶኛል፤ የአክስታችን ልጅ ዶት ወሬ ቋጥራ ማደር መቼ ትችላለች? የከተማው ምክር ቤት የኛን የክሎቨር ጎዳና ተገጣጣሚ ቤቶች ሊያፈርስ ነው። ሠላሳ ስድስቱንም። ጦርነቱ እንዳበቃ ለአሥር ዓመት ብቻ ተብለው የተተከሉ ስለሆኑ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል ይላሉ። ለአርባ ዓመት የኖርንበትን ቤት ጊዜያዊ ነበር ሲሉህ እኮ ያናድዳል። ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል፤ ነዋሪው ደግሞ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው ፎቅ ይዛወራል። ለእኛ የደረሰን ስምንተኛው ነው።

እስቲ እማዬን ስምንተኛ ፎቅ ላይ አስባት። ዓይኗ እንደማያይ እዚህ ቤት የሚመጣ እንግዳ እኮ ቶሎ አያውቅም። በመዳፏ ግድግዳውን እየነካች ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ልብስ ታሰጣለች፣ የሩባርብ ተክሏን ትኮተኩታለች፣ ድንች ስትልጥ ከእኔ ትፈጥናለች። ባሌ ጥሎኝ ሻንጣዬን ይዤ የመጣሁ ቀን እንኳ ሻይ አፍልታ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። ከዚህ ቤት ከወጣች ዓይኗ ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል።

ስለዚህ አትሳቅብኝና፣ ለሜይ ሰባቱ ምርጫ በግል እጩነት ተመዝግቤያለሁ። የጫማ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ ሰምቶ «ቤሪል፣ አንቺ?» አለኝ። እኔም እንደዚያው ነው ራሴን የጠየቅሁት። ነገሩ ግን እብደት ብቻ አይደለም። ማፍረሱ ይጽደቅ አይጽደቅ ጁን ላይ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል፤ የሚደግፈው ፓርቲ ደግሞ በአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበልጠው። ያ አንድ ሰው የእኛን ቀበሌ ወክለው የተቀመጡት ዳቦ ጋጋሪው ፐርሲ ግሪምሾ ናቸው። የፐርሲን ወንበር ከወሰድኩ ቤቱ ይቆማል። ካልወሰድኩ ይፈርሳል።

ለእማዬ አልነገርኳትም። እንቅልፍ አጥታ እንድትሰነብት አልፈለግሁም። የተወዳደርኩት ለአውቶብሱ መስመር ነው ብያታለሁ። ጎረቤቶቹም እንዳይነግሯት ለምኛቸዋለሁ።

እህትህ ቤሪል


ሼትላንድ፣ ማርች 29 ቀን 1987

የተከበርሽ የምክር ቤት አባል ሆይ፣

(ከአሁኑ ልለማመደው ብዬ ነው፤ ወንበሩ ላይ ስትወጪ አንቺ ማለት ሊያሳስረኝ ይችላል።)

አልሳቅሁም። እሺ፣ ትንሽ ሳቅሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን ብየዳው ላይ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎ አለቃዬ ሁለቴ ጮኸብኝ።

መምጣት አልችልም። ሥራው ሳያልቅ የወጣ ሰው አይመለስም ተብለናል፤ ከዚህ ከተባረርኩ ደግሞ እዚያ ሥራ እንደማይገኝ አንቺ ታውቂዋለሽ። በፖስታ ለመምረጥ ግን አመልክቻለሁ። አድራሻዬ አሁንም የእማዬ ቤት ስለሆነ ድምፄ ያንቺ ነው።

አሁን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርሽ። ማታ ማታ አብሮኝ ካርታ የሚጫወት አንድ ሽማግሌ አለ፤ በወጣትነቱ ለምርጫ ብዙ የሠራ ነው። ነገሩን ስነግረው ካርታውን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ። «ቀበሌያችሁ ሦስት ወንበር ስላለው መራጩ እስከ ሦስት ሰው ይመርጣል። እስከ ሦስት ማለት ግን የግድ ሦስት ማለት አይደለም። እህትህ ብቻዋን ናት። ወዳጆቿ ለሷ አንድ ምልክት አድርገው በቀረው ሁለት ተቀናቃኟንም ከመረጡ፣ በአንድ እጃቸው የሰጧትን በሌላው ወሰዱባት ማለት ነው። አንድ ምልክት ብቻ አድርገው ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ይጣሉ በላት።»

ሰማሽኝ ቤሪል? አንድ ምልክት ብቻ። በየቤቱ ስትገቢ ከሰላምታው ቀጥለሽ የምትናገሪው ይሁን።

ወንድምሽ ሌስ


ሃርስዴል፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1987

ውድ ሌስ፣

የላክሁልህ ካልሲ እንደደረሰህ በስልክ ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። አንዱ ከአንዱ የረዘመው ሆን ብዬ አይደለም፤ እየሠራሁት በር ስለሚንኳኳ ነው።

ቅስቀሳው እንዴት ነው ላልከው፣ እግሬ አልቋል፤ የጫማ መደብር ሠራተኛ ሆኜ እግሬን የሚበላ ጫማ ማድረጌ ሌላ ጉድ ነው። ደረቴ ላይ የምሰካውን ሪባን ከወጥ ቤታችን አሮጌ መጋረጃ ቀድጄ ሰፋሁት። እማዬ በጣቷ ዳብሳ «ይሄማ የኔ መጋረጃ ነው!» ብላ ሳቀች። ሰዉ ይወደኛል፣ ያስገባኛል፣ ሻይ ያጠጣኛል። ከሠላሳ ስድስቱ ቤት የማይመርጠኝ አላገኘሁም።

አሁን ስለጠየቅኸኝ ነገር። ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ኢቫ ሆልት ጋ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ሰው ናት ብዬ።

«ኢቫ፣ ብትችይ እኔ ላይ ብቻ ምልክት ብታደርጊ…» ስላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ሦስት ሰጥተውኝ ሁለቱን ልድፋው? ልጄ፣ እኔ በጦርነቱ ጊዜ ምግብ በራሽን እየተሰፈረልኝ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰሃኔ ላይ ድንች አስተርፌ አላውቅም!»

«እሺ፣ የቀረውን ለማን ታደርጊዋለሽ?»

«አንዱ ለፐርሲ ነዋ። ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስሄድ በየት በኩል አድርጌ ፊቱን አየዋለሁ? ያንቺን ደግሞ አንቺ አግኝተሻል፣ ምን ቀረብሽ?»

ምን ቀረብሽ ስትለኝ ሌስ፣ ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። ለእኔ ስጡኝ ማለት እንኳ እየከበደኝ ነው የምለው፤ ለእኔ ብቻ፣ ለሌላው ከልክሉ ማለት ግን ጭራሽ ከአፌ አልወጣ አለ። እማዬ እንዴት እንዳሳደገችን ረሳኸው? ሰው ቤት ኬክ ሲቀርብልን ሦስቴ አንሱ እስክንባል እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ነበር የምንጠብቀው።

ፐርሲ ደግሞ ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በተገላገልኩ! ማክሰኞ ዕለት መሰላል ላይ ወጥቼ ፎቶዬን ስለጥፍ እሳቸው መጡ። ባርኔጣቸውን አነሱልኝና «ቤሪል፣ ወደ ግራ አዘንብሎብሻል፤ ቆይ መሰላሉን ልያዝልሽ» አሉኝ። ያዙልኝ። የራሳቸውን ተቀናቃኝ ቀጥ አድርገው አስለጥፈውኝ ሄዱ።

ለእማዬ እንዳልነገርኳት ነኝ። ይብቃህ፣ በሱ አትጨቅጭቀኝ።

ቤሪል


ሼትላንድ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1987

ቤሪል፣

ስልኩን የዘጋሁብሽ ሳንቲሙ አልቆብኝ ነው። እሺ፣ ተናድጄም ነበር።

ሴትዮ፣ ከኬክ ጋር ምን አገናኘው? ይሉኝታሽ ቤት ሊያፈርስ ነው እኮ! ፐርሲ መሰላል ያዙልሽ፤ እሰይ። ጁን ላይ ግን እጃቸውን የሚያወጡት ቤታችንን ለማፍረስ ነው፤ ያንንም ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ይቅርታ ጠይቀው ያደርጉታል። ኢቫን ተመልሰሽ ንገሪያት። ሁሉንም ንገሪያቸው። ካፈርሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ንገሪያቸው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ እማዬን። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት እኮ ናት፤ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው የምትደብቂያት? ለምን እንደምትወዳደሪ ካላወቀች ምን ትመርጣለች?

የኔ የምርጫ ወረቀት እስካሁን አልደረሰም። ሦስት ቀን ሙሉ ጭጋግ ስለሆነ አውሮፕላን አልወረደም። ሲደርስ በዚያው ቀን እመልሰዋለሁ።

ሌስ


ሃርስዴል፣ ሜይ 9 ቀን 1987

ውድ ሌስ፣

ያስተላለፍኩልህ መልእክት ስለደረሰህ አሁን የምነግርህ አዲስ ነገር የለም። በአራት ድምፅ ተሸነፍኩ።

ሁለቱን ወንበር ማፍረሱን የሚቃወመው የሌላኛው ፓርቲ ሰዎች እንደ በፊቱ በሰፊው ወሰዱት። ሦስተኛው ላይ ፐርሲና እኔ ቀረን። ሁለቴ አስቆጠርኩ። አርብ ጠዋት፣ የገበያው አዳራሽ ውስጥ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ። እኛ እጩዎቹ ከኋላ ቆመን ወረቀቱ ሲገለጥ እናያለን። ማን እንደሰጠ አይታይም፤ የተሰጠው ግን ይታያል። እኔ ላይ ምልክት፣ ፐርሲ ላይ ምልክት። እኔ ላይ፣ ፐርሲ ላይ። ከኛ ጎዳና ሰው በቀር እኔንና ፐርሲን አንድ ላይ የሚመርጥ ማን አለ? እያንዳንዱ ወረቀት ሲገለጥ የማን እጅ እንደሆነ የማውቀው እየመሰለኝ ቆሜ አየሁ።

ፐርሲ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «በጣም አዝናለሁ ቤሪል፤ ጥሩ ነው የተወዳደርሽው» አሉኝ። እኔም «አመሰግናለሁ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ኢቫ አዳራሹ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። «እኔ መርጬሻለሁ!» ትለኛለች ደጋግማ። እውነቷን ነው፤ መርጣኛለች።

እማዬ እንዴት መረጠች ብለህ አትጠይቀኝ። ደህና ናት። «ለአውቶብሱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል» ብላ አጽናናችኝ።

ቤሪል


ሼትላንድ፣ ሜይ 17 ቀን 1987

እህት ዓለም፣

በስልክ ተናድጄ ያልኩሽን ሁሉ እርሺልኝ። በተለይ የመጨረሻውን።

የኔ ወረቀት የደረሰው አርብ ዕለት ነው፤ አንቺ ጠረጴዛው ኋላ ቆመሽ ስታስቆጥሪ። ሲመላለስ የከረመው ጭጋግ ተገፈፈና አውሮፕላኑ ፀሐይ እየሞቀ ወረደ። ምንም እንደማይጠቅም እያወቅሁ ስምሽ ላይ ምልክት አደረግሁበት። አንድ ብቻ። አሁን አልጋዬ ራስጌ ተለጥፏል። ሽማግሌው አይቶት ካርታውን አደለኝ።

አትጠይቀኝ ብለሽኛል፤ ግን የእማዬን ነገር ካልነገርሽኝ እኔም ከዚህ የባሰ ማሰቤ አይቀርም። ንገሪኝ። አልጮኽም።

ሌስ


ሃርስዴል፣ ጁን 21 ቀን 1987

ውድ ሌስ፣

እንደማትጮህ ቃል ስለገባህ እነግርሃለሁ። ቆይቼ የጻፍኩት ሐሙስ ዕለት ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ የሚሆነውን አይቼ ልጻፍ ብዬ ነው። ያው ሆነ። ማፍረሱ በአንድ ድምፅ ጸድቋል። ፐርሲ እጃቸውን ሲያወጡ እኔ ወደተቀመጥኩበት አላዩም።

የእማዬን ነገር ልንገርህ። የምርጫው ዕለት የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባን። ለማያይ ሰው ዘመዱ ምልክት ሊያደርግለት ይችላል፤ እጩም ብሆን ልጇ ስለሆንኩ ተፈቀደልኝ። መራጯ እንደነገረችኝ አደርጋለሁ ብዬ ፈረምኩ። ከመጋረጃው ኋላ ገባንና እርሳሱን አነሳሁ።

«መጀመሪያ ያንቺን አድርጊ» አለችኝ። አደረግሁ።

«አሁን ደግሞ ለፐርሲ።»

«እማዬ፣ አንድ ይበቃል።»

«ይበቃል ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት አይደል የተሰጠኝ? ቆጥቤ የት ላደርሰው ነው?»

«እማዬ፣ እባክሽ…»

«ቤሪል! ሰው ይሰማሻል። በዝናብ ዳቦ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ የሚመጣ ሰው ነው። አንቺ ስለምትወዳደሪው ጨዋነት ቀረ እንዴ? አድርጊለት።»

እዚያ ቆሜ ነገሩን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ቤትሽን የሚያፈርሱት እሳቸው ናቸው» ማለት ነው፤ አምስት ቃል አትሞላም። ግን መጋረጃ ውስጥ፣ እርሳስ በእጄ ይዤ፣ ሰው ከኋላ እየጠበቀ እንዴት ይነገራል? ያኔ ነው ቀድሜ ባለመናገሬ የሠራሁት የገባኝ። ዝም ብዬ ባዶውን ብተወውስ? አታይም። አታውቅም። እጄን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ቆየሁ። እሷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ የእርሳሱን ድምፅ ትጠብቃለች።

አደረግሁት። በገዛ እጄ ፐርሲ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሦስተኛውንም ማን ላይ እንደሆነ አላስታውስም፤ አደረግሁት።

ያ ምልክት ባይኖር ልዩነቱ ሦስት ይሆን ነበር፤ ያው መሸነፍ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አያጽናናም።

ምክር ቤቱ ድምፅ በሰጠ ማግስት፣ ከትናንት ወዲያ ጠዋት፣ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቤቱን፣ ፎቁን፣ መኪና ማቆሚያውን። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ፐርሲ ይሄን ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃሉ እማዬ።»

«እህ፣ እንግዲያውስ ይነግርልናል» አለችና ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

ቤሪል


ሼትላንድ፣ ኦገስት 30 ቀን 1987

ውድ ቤሪል፣

አልጮኽኩም። እኔም እዚያ ብሆን አደርገው ነበር። ይሄን ስጽፍልሽ ከልቤ ነው።

ለዝውውሩ እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ አልመጣም። ፈቃድ ከለከሉኝ። ይቅርታ ማለት ሰልችቶኛል፣ አንቺም መስማት ሰልችቶሻል። እማዬን ወደ አንተ ላምጣት ወይ ብለሽ የጠየቅሽውን ደግሞ አስቤበታለሁ፤ እኔ የምኖረው ስምንት ወንድ የሚያድርበት የሠራተኞች የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። የት አስቀምጣታለሁ?

ቤቱ ሲፈርስ አትሂጂ። እሷንም ከዚያ አካባቢ አርቂያት፤ ጆሮዋ ሁሉን ይሰማል።

ሌስ


ሃርስዴል፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1987

ውድ ሌስ፣

ለገና ልምጣ ወይ ላልከው፣ ና። ና ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ በሩ ላይ ደርሰህ እንዳትደነግጥ።

ፎቁ ቆሻሻ አይደለም። ይሞቃል፣ ሊፍቱም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ኢቫ አምስተኛው ላይ ናት፤ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። ቤታችን በአንድ ጠዋት አለቀ፤ ሩባርቡን እንኳ ሳልነቅል ደረሱብኝ። እንዳልከኝ እማዬን ከዚያ አርቄ የባሕሩን ዳርቻ ንፋስ ላስመታት ወስጃት ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ በግድግዳው በኩል መንገዷን ልትማር ሞክራ ነበር። እጇን ታስቀምጥና በሩ ሊኖር የሚገባበት ቦታ ላይ በር ስታጣ ትቆማለች። ሁለቴ ወደቀች። ከዚያ በኋላ መሞከሩን ተወችው። ካስቀመጥኳት ወንበር አትነሳም፤ ድንችም ቢሰጧት ይዛው ትቀመጣለች። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ። ማርች ላይ ዕድሜዋ ስንት ነበር ታዲያ?

ስላንተ ትጠይቅ እንደሆነ ላልከኝ፣ ትጠይቃለች። ግን እኔን እንደ ልጇ አይደለም የምትጠይቀኝ። ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ሰው ቤት እንግዳ ሆና የመጣች ይመስላታል። ጨዋ እንግዳ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ምንም አምጡልኝ አትልም፣ ያቀረብኩላትን ሁሉ ትጨርሳለች፣ ምስጋናዋም አይቋረጥም። ሲመሻሽ ግን ኮቷን ፈልጋ ትለብሳለች።

ትናንትም እንደዚሁ ለብሳ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ቆለፈች። ድምፄን ወደሰማችበት ዞረችና ሌስ፣ እኔን፣ ልጇን፣ አንቱ አለችኝ።

«በጣም አስቸገርኩዎት» አለችኝ። «ስለ ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ይፍቀዱልኝ፣ ልሂድ።»

ልጅሽ ነኝ፣ ቤትሽ ይሄ ነው ያልኳት ቀን እስኪነጋ ስለተንቀጠቀጠች፣ አሁን አልላትም። እኔም በእንግድነቷ ነው የማናግራት።

«ትንሽ ይቆዩ እንጂ» አልኳት። «ሻይ ላፍላልዎት።»

«አይ፣ ይብቃኝ» አለች። «ልጄ ቤሪል ቤት ብቻዋን ናት።»

እህትህ ቤሪል